አጋዘን ፍለጋ በሕዝብ መሬት

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ይቅርታ ልጠይቅ። በዚህ ጽሑፍ «አጋዘን» የምለው የሀገራችንን አጋዘን አይደለም። የእኛው አጋዘን የተጠማዘዘ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል። የአሜሪካው ግን በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ በየዓመቱ የሚያበቅል፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ዋላ የሚለው ወገን ነው። ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር ይህ ወገን በተፈጥሮ አይገኝም፤ ስለዚህ ስደተኛው አማርኛችን የሚያውቀውን ስም ለማያውቀው እንስሳ አውሶታል። እኔም የለመድነውን ይዤ እቀጥላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር ሊገባ ሲል፣ በቨርጂኒያ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩና በጡረታ የተሰናበቱ አንድ የተራራ አገር ሽማግሌ አደን እንድከተላቸው ጋበዙኝ። በልጅነቴ የሰማሁት አደን የአንበሳ፣ የዝሆንና የጎሽ ነበር፤ ገዳይ የሚያሰኝ፣ የሚያስፎክር። አጋዘን ገድሎ የፎከረ ማን አለ? ሽማግሌው ግን ስለ መግደል አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጉና «የት እንሂድ?» አሉኝ። የአደን ከባዱ ሥራ ቦታ መምረጥ መሆኑን ያን ማታ ተረዳሁ።

ካርታው ላይ ሁለት አረንጓዴ ምድሮች አሉ። በምሥራቅ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ፣ የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል። ከሸለቆው ማዶ በምዕራብ በኩል የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ይታያል። ሁለቱም የሕዝብ መሬት ናቸው። በፓርኩ ማደን ክልክል ነው፤ በደኑ ፈቃድ ላወጣ ሁሉ ተፈቅዷል።

«የሕዝብ መሬት» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሲያደርገው፣ በአባቴ ወገን እልል ተባለ፤ በእናቴ ወገን አንገት ተደፋ። «የሕዝብ የሆነው መሬት ቀድሞ የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ቤት የወረስሁት አመል ነው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ኖርማኑ ዊሊያም በ11ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን ሲይዝ ሰፋፊ ምድር ለንጉሥ አደን ከለለ፤ የንጉሥን አጋዘን የገደለ ሰው ዓይኑ እንዲጠፋ አዘዘ። በ1217 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን ቻርተር ስለ ንጉሥ አጋዘን ማንም ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ ደነገገ። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት የእነዚያ ሰዎች ልጆች በአዲሱ ምድር አደን የሁሉም ይሁን አሉ። «ሁሉም» ሲሉ ግን ሸለቆውን ከጥንት ጀምሮ ያድኑበት የነበሩትን ነባር ሕዝቦች አልቆጠሩም። የኢሮኳ ስድስቱ ነገዶች በ1744 እ.ኤ.አ. በላንካስተር በተደረገው ውል በሼናንዶዋ ሸለቆ ላይ የነበራቸውን መብት ለቀቁ።

የሁሉም የሆነው አጋዘንም ጠባቂ አጣ። ሥጋውና ቆዳው በገበያ ተቸበቸበ፤ ተራሮቹ ለእንጨትና ለብረት ማቅለጫ ከሰል ተመነጠሩ። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በመላው አሜሪካ የቀረው ነጭ ጅራት አጋዘን በግምት ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። በዚያው ዓመት የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነን እንስሳ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማጓጓዝን ከለከለ። በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ ደግሞ የወንዞች መነሻ የሆኑትን የተራቆቱ ተራሮች መንግሥት እንዲገዛ ፈቀደ። የጆርጅ ዋሽንግተን ደን የተወለደው በዚህ ሕግ ነው። በ1918 ሲቋቋም ስሙ የሼናንዶዋ ብሔራዊ ደን ነበር፤ ከፓርኩ ጋር እንዳይምታታ በ1932 ስሙ ተለወጠ። ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች አጋዘኖች እየመጡ ተለቀቁበት። ከ1937 ጀምሮም ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት እንክብካቤ እንዲውል ተደረገ፤ አዳኙ ለሚያድነው እንስሳ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ የነጭ ጅራቱ አጋዘን ቁጥር 30 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል።

ደኑ በአብዛኛው ከፈቃደኛ ሻጮች የተገዛ ነው። የፓርኩ ታሪክ ይለያል። ኮንግረስ በ1926 ፓርኩን ሲፈቅድ በተራራው ላይ ሰው ይኖር ነበር። ቨርጂኒያ በ1928 ባወጣችው ሕግ መሬቱን በግዳጅ እየወሰደች ለፌዴራሉ መንግሥት አስረከበች፤ በ1935 ፓርኩ ተመሠረተ። በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ።

ይህን ያነበብሁት ኋላ ነው። ያን ማታ ሽማግሌው የሚያወሩኝ ስለ ዛፍና ስለ ነፋስ ነበር። ከመንገድ ራቅ እንበል፤ ብዙው ሰው ከመኪናው አይርቅም አሉኝ። ዱሮ ተራራውን የሞላው ቼስትነት የሚባል ዛፍ ነበር፤ በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ የታየ በሽታ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ጨረሰው። አሁን አጋዘኑ የኦክን፣ ባሉጥ የምንለውን ዛፍ፣ ፍሬ ይከተላል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውም ምሬቱ አነስ ያለውን የነጩን ኦክ ፍሬ ነው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይጓዛል፤ ስለዚህ ጠዋት ከላይ፣ ማታ ከታች ማድፈጥ ነው። ከዚያ ጣታቸውን ደኑ ውስጥ ባለ አንድ ጠባብ ሸለቆ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ቤት ነበር» አሉኝ።

ጾመ ነቢያት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ሲነጋ የቤቱ የጢስ መውጫ ድንጋይ ብቻውን ቆሞ አየሁት። አጠገቡ ያረጀ የፖም ዛፍ አለ፤ ሥሩ በአጋዘን ኮቴ ተረግጧል። ሰው የመነጠረው ሜዳ ጫካ ሲመለስበት፣ በሜዳውና በጫካው ወሰን ላይ ለአጋዘን የሚመች ግጦሽ ይበቅላል። ጥሩ የአደን ቦታ ብዙውን ጊዜ የሰው ቤት የነበረ ቦታ ነው።

«የእርስዎ ዘመዶች ቤት ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አይደለም። ከዚህ የወጡት ሸጠው ነው። እናቴ የተወለደችው በወዲያኛው ነው» አሉና በምሥራቅ ወደሚታየው ሰማያዊ ተራራ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ሲያስነሡዋቸው ሕፃን ነበረች። እዚያ በእግር መሄድ እችላለሁ። ማደን ግን አልችልም።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ከፖሙ ሥር መቀመጥ ስለከበደኝ፣ ተዳፋቱን ወጥተን ከነጭ ኦኮቹ በላይ አደፈጥን። ረፋዱ ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ፍሬ እየለቀመ መጣ፤ ሽማግሌው በአንድ ጥይት ጣሉት። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በስመ ሥላሴ ባረክሁት፤ እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። ሥጋውን እኩል ተካፈልን፤ የእኔው ድርሻ ቅበላ ሆነ።

«የሁሉም» የተባለ መሬት ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው፤ ተገዝቶም ይሁን ተነጥቆ። ያም ሆኖ በዚህ መሬት ላይ ተራራው ዳግም ለብሷል፣ አጋዘኑም ተመልሷል፤ ከሩቅ የመጣሁ እኔም እንደ ተወላጁ ፈቃድ አውጥቼ ገብቼበታለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በአባቴና በእናቴ ወገን መካከል ለዘመናት ያልታረቀውም ነገር ይኸው ይመስለኛል።

ስንለያይ ሽማግሌው ካርታውን ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ ስዘረጋው በእርሳስ የተከበበች አንዲት ነጥብ አየሁ። ያደንንበትን ቦታ መስላኝ ነበር። ምልክቱ ያለው በምሥራቅ፣ ማደን በተከለከለበት በኩል ነው።