አምስት የታመሙ ወፎች

አገር ቤት ስልክ ተቋርጦ በሰነበተበት ወቅት፣ ኢስት ዮርክ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ በአንድ ምሽት የአራት ሰዎችን ሞት ሰማሁ። በማግሥቱ ሲጣራ ሟቹ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንዱ ደዋይ በክርስትና ስማቸው፣ ሌላው በማዕረጋቸው፣ የቀሩት ሁለቱ «የእገሌ አባት» እያሉ በሁለት ልጆቻቸው ስም ጠርተዋቸው ኖሮ፣ እኔ አራት ብዬ ቈጠርኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ የኮምፒዩተር ጥናት ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ዳና አንግሉን ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ካናዳ ውስጥ በሴንት ጆንስ ከተማ ለጉባኤ ያቀረቡት ነው። ጥያቄው የሐኪም ጥያቄ ነው፦ ከአምስት በላይ መቍጠር የማይችል፣ መለያ ስም እንኳ የሌለው መሣሪያ በእያንዳንዷ ወፍ ላይ ቢታሰር፣ በመንጋው ውስጥ ቢያንስ አምስት ትኩሳት ያለባቸው ወፎች መኖራቸውን ማወቅ ይቻላልን? ወፎቹ መገናኘታቸውን ካላቋረጡ ይቻላል። የታመመችው አንድ፣ ጤነኛዋ ዜሮ ይዛ ትነሣለች። ሁለቱ ሲገናኙ አንደኛዋ ቍጥሯን ለሌላዋ አስረክባ ባዶዋን ትሄዳለች። ድምሩ አምስት ከሞላ ግን ሁለቱም አምስትን ይይዛሉ፤ ያገኟትንም ሁሉ ያስይዛሉ። እኛ መርዶውን ከነገርን በኋላም ይዘነው ለሌላ እንነግራለን፤ ወፏ ግን አስረክባ ትረሳለች፤ ስለዚህ አንድ በሽተኛ ሁለት ጊዜ አይቈጠርም።

ችግሩ ዝምታው ነው። የታመሙት አራት ከሆኑ መንጋው ምንም አይልም። «ቈጠራው አለቀ» ልትል የምትችል ወፍም የለችም፤ ገና ያልተገናኘቻት ታማሚ ልትኖር ትችላለችና።

ኢትዮጵያ ይህን ዝምታ በፈንጣጣ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመዘገቡት ሕሙማን ከ1,000 በታች ነበሩ። በጥር 1971 ዘመቻው ተጀምሮ፣ ሠራተኞች የታመመ ሕፃን ሥዕል ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» እያሉ ቢጠይቁ፣ በዚያው ዓመት ከ26,000 በላይ ተመዘገቡ። በሽታው ድንገት አልበዛም፤ ቀድሞ ጠያቂ አልነበረም እንጂ። የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1976 በባሌ ተገኘ፤ የመጨረሻ መሆኑን ግን ያን ዕለት ያወቀ አልነበረም። ደንቡ እየፈለጉ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበር። ሶማሊያ ውስጥ በሽታው እስከ ጥቅምት 1977 በመቆየቱም፣ የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው በጥቅምት 1979 ነው።

በዚያው ስልክ በተቋረጠበት አውራጃ አክስቴ ይኖሩ ነበር። ከአራቱ ደዋዮች ስማቸውን ያነሣ አልነበረም። ያን ሌሊት እኔ ይህን እንደ ደኅንነት ቈጠርሁት።