ቀይ ጽጌረዳ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ምን ይመስላል?

እስኪ ስልካችሁ ላይ የቀይ ጽጌረዳ ፎቶ ካለ ቀለሙን አጥፍታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው እንዲህ ነው፦ ከቅጠሉ መሃል ጎልቶ ይታይ የነበረው አበባ ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይጠፋል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። «ቀይ ምን ያህል ግራጫ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ብቻ መልስ ስለሌለ ነው። ፎቶግራፍ ከተፈጠረ ጀምሮ ኬሚስቶች፣ ፎቶ አንሺዎችና መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰማያዊን ብቻ የሚያይ ፕሌት

የዳጌር ፈጠራ በ1839 በፓሪስ ይፋ ሲሆን ምስሉን የሚቀርጸው የብር ውህድ ነበር። የብር ውህዶች ብርሃን ሲነካቸው ይለወጣሉ፤ ግን ማንኛውም ብርሃን አይለውጣቸውም። በተፈጥሯቸው የሚሰማቸው ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። አረንጓዴን እምብዛም አያዩም፤ ቀይንማ ጭራሽ። ፎቶ አጣቢዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት አብርተው መሥራት የቻሉትም ለዚህ ነው።

ውጤቱን በምናውቀው አበባ እናስበው። አደይ አበባ በዚያ ዘመን ፕሌት ቢነሳ ኖሮ፣ ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃንን ብዙም ስለማያንጸባርቅ፣ ለእኛ ሜዳውን የሚያበራው አበባ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ሰማያዊ አበባ ደግሞ ነጭ መስሎ ቁጭ ይላል።

ነገሩ የተለወጠው በ1873 ነው። በርሊን ያስተምር የነበረው ኬሚስት ኸርማን ቪልኸልም ፎግል የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ ከፋፍሎ ፕሌቶችን ሲፈትን፣ አንዳንዶቹ አረንጓዴንም እንደሚያዩ አስተዋለ። ምክንያቱ ፕሌቶቹ ላይ የነበረ ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው አረንጓዴውን ብርሃን ይውጥና ኃይሉን ለብሩ ውህድ ያቀብላል። በዚህ መንገድ የተሠሩት፣ ቢጫና አረንጓዴን የሚያዩት ኦርቶክሮማቲክ ፕሌቶች በ1880ዎቹ ገበያ ላይ ዋሉ። ራተን ኤንድ ዌይንራይት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ በ1906 ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፓንክሮማቲክ ፕሌት ለሽያጭ አቀረበ።

ምርጫው የፎቶ አንሺው ሆነ

ፕሌቱ ሁሉንም ካየ፣ የትኛው ቀለም ይጉላ የሚለውን መወሰን የሰው ድርሻ ሆነ። መሣሪያው ሌንስ ላይ የሚገጠም ባለ ቀለም መስታወት፣ ማለትም ፊልተር ነው። ቀይ ፊልተር ቀይ ብርሃንን ያሳልፋል፣ አረንጓዴውን ይከለክላል፤ ስለዚህ ጽጌረዳው ነጣ ይላል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። አረንጓዴ ፊልተር ሲሆን ተቃራኒው ይሆናል። አበባው ያው አበባ፣ ብርሃኑም ያው ብርሃን ነው፤ ፎቶው ግን ሌላ።

ቀለምን ጭራሽ ወደ ጎን የተዉም ነበሩ። በርሊን ያስተምር የነበረው ካርል ብሎስፌልት ግንድና እንቡጥን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ያነሳ ነበር። ተማሪዎቹ የዕፅዋትን ቅርጽ እንዲያጠኑበት ያዘጋጃቸው እነዚህ ፎቶዎች በ1928 በመጽሐፍ ሲወጡ ስሙ ገነነ። አሜሪካዊቷ ኢሞጀን ከኒንግሃምም በ1925 ገደማ ያነሳችው የማግኖሊያ አበባ ነጭ ነው። ፎቶው የቆመው በቀለም ልዩነት ሳይሆን በጥላና በቅርጽ ላይ ነው።

ከቴሌቪዥን የመጣ ቀመር

ታዲያ ዛሬ ስልካችን በአንድ ቁልፍ ቀለም ሲያጠፋ በምን ሂሳብ ነው? በ1953 አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃዋን ስታጸድቅ አንድ ችግር ነበር፤ አዲሱ ስርጭት በየቤቱ ባለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥንም መታየት ነበረበት። መሐንዲሶቹ የሰው ዓይን ለየትኛው ቀለም የበለጠ ንቁ እንደሆነ ተመርኩዘው ሦስቱን ቀለማት አመዛዘኑ፦ ቀይ 30፣ አረንጓዴ 59፣ ሰማያዊ 11 በመቶ። ብዙ የፎቶ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት ይህንኑ ወይም ለዚህ የቀረበ ቀመር ነው።

በጽጌረዳችን እንሞክረው። አበባው ቀይ 200፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 40 ቢሆን፣ ድምሩ 82 ገደማ ይመጣል። ቅጠሉ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 95፣ ሰማያዊ 40 ቢሆን ደግሞ 78 ገደማ። ከ0 እስከ 255 በሚሄድ መለኪያ ላይ የ4 ልዩነት በዓይን አይያዝም። አበባው የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቀዩን ብቻ ብንወስድ ግን 200 ለ60 ይሆናል፤ አበባው ይፈካል። አረንጓዴውን ብቻ ብንወስድ 30 ለ95፤ ቅጠሉ ይደምቃል። ፕሮግራሞቹ ውስጥ ያሉት የየቀለሙ መቆጣጠሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ የድሮ ፊልተር ሥራ ነው።

ጉዳዩ ከውበት ያልፋል

ጥቁርና ነጭ ፎቶን እንደ ማስረጃ የምንጠቀም ከሆነ ይህ ታሪክ ይመለከተናል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ ሰማያዊን ብቻ በሚያይ ፕሌት ቢነሳ ሦስቱም መደብ ጠቆር ይላሉ። በኦርቶክሮማቲክ ቢነሳ ቢጫው ይነጣል፣ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድሮ ፎቶ ላይ ጥቁር የሚመስል ልብስ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ የሚመስለውም ሰማያዊ። ዛሬ የአያት ቅድመ አያቶቻችንን ፎቶ በኮምፒውተር ቀለም መቀባት ቀላል ሆኗል፤ ከግራጫው ብቻ ተነስቶ የተቀባው ቀለም ግን ግምት ነው። ፎቶው መቼ፣ በምን ዓይነት ፕሌት ወይም ፊልም እንደተነሳ ሳይጠይቁ «ካባው ጥቁር ነበር» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

የራሳችሁን አበባ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጡም ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ቀለም እንዲጎላ እንደምትፈልጉ ወስኑ። እናንተ ካልወሰናችሁ ያ የ1953 ቀመር ይወስንላችኋል።