ጅማ ብለው ተነሥተው ነበር

ባለፈው ዓመት ሰኔ ወር ላይ ወደ ቡታጅራ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጥያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማም አየር የለውም። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኛም እያጉረመረምን ወረድን።

ኪሴ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበር። ስድስት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ኮንትራቴን እንደማያድስ የሚገልጽ፣ ከሦስት መስመር የማይበልጥ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሦስት ወር ጸልዬበታለሁ። የቤት ለቤት የጸሎት ቡድናችንም አብሮኝ ጸልዮአል። እንዲያውም አንድ ወንድም እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ «ጌታ ይህን ሥራ ከእጅህ አያወጣውም» ብሎኝ፣ ሁላችንም አሜን ብለን ተለያይተናል። አሁን እናቴ ዘንድ እየሄድኩ ነው፤ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

ጎማው እስኪሠራ ብዬ ወደ ድንጋዮቹ በእግሬ ሄድኩ። በዚያ መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስ ገብቼ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የአገር ሰው እንዲህ ነው፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን እኛ በመስኮት አይተን እናልፋለን።

ለማያውቃቸው ወገን ላስተዋውቅ። ጥያ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 80 ከምናምን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በጉራጌ ሶዶ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሶዶ ምድር እንዲህ ያለ ቦታ 160 ያህል ተገኝቶአል፤ ከሁሉ የታወቀው ግን ይህ ነው። ብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ሰይፍ ተቀርጾአል፤ አንዱ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ከዚያ በላይ። ክብ ምልክትም አለ፤ ቅጠል የሚመስልም አለ። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የታሪክ አጥኚዎች ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ መሆናቸውን ይናገራሉ። ቁፋሮ ሲደረግ ከሥራቸው መቃብር ተገኝቶአል። አስጎብኚው እንደ ነገረኝ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ።

«ምልክቶቹስ ምን ማለት ናቸው?» አልኩት።

«ሰይፉ ሰይፍ ነው» አለ እየሳቀ። «ሌላውን የሚያውቅ የለም።»

ይህ መልስ ልቤ ውስጥ ቀረ። አንድ ሰው ያንን ድንጋይ ከተራራ አውርዶ፣ ቀን ከሌት እየጠረበ፣ «የእኔን ሰው እንዳትረሱት» ብሎ አቆመው። ድንጋዩ ዛሬም ቆሞአል። የተረሳው ሰውዬው ነው። በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋይ ከወንዙ መካከል አንሥተው አቁመዋል። እግዚአብሔር ግን ድንጋዩን ብቻ አቁሙ አላለም። ልጆች ነገ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሩአቸው አዘዘ። የጥያ ድንጋዮች የሌላቸው ይህ ነው፤ የሚነግርላቸው ልጅ አጡ።

እኔስ የምነግረው ምን አለኝ? እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ በዚሁ አቅጣጫ ያለፉ ሌሎች መንገደኞች ትዝ አሉኝ። ወንጌል ወደ ደቡብ እንዴት እንደ ገባ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የተማርኩት መጨረሻውን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1928፣ በእኛ 1920 ዓ.ም.፣ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የመጀመሪያ ሚስዮናውያን በዶክተር ቶማስ ላምቤ መሪነት ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተነሡ። ላምቤ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት በወለጋ ሠርቶአል፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል አቋቁሞአል። ስለዚህ አገሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሊሄዱ ያሰቡት ጅማ ነበር። እቅዱ ይኸው ነው፤ የጸለዩበትም፣ ደጋፊዎቻቸው በውጭ አገር ሆነው የጸለዩበትም ጅማ ነው።

ጅማ አልደረሱም። የጉራጌን ምድር አቋርጠው፣ ዛሬ የሆሳዕና መኪና ጥያንና ቡታጅራን እያለፈ ወደሚወርድበት አገር ገቡ። የየአገሩ ገዥዎች እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው፤ ቡድኑም ተከፋፈለ። ገሚሱ ሆሳዕና ቀረ፤ ክላረንስ ደፍ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ገሚሱ ወላይታ ሶዶ ወረደ፤ ሌሎቹ ሲዳማ ውስጥ ጋርቢቾ ገቡ። (ጥያ ያለችበት ሶዶ የጉራጌው ነው፤ የወላይታው ሶዶ ሌላ ነው። እንግዳ ሰው ሁልጊዜ ይምታታበታል።)

የሐዋርያት ሥራ 16ን የሚያነብ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። ጳውሎስ ወደ እስያ ሊሄድ አሰበ፤ ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፤ ያም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው በሌሊት የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው። እኛ ስንሰብክ ከራእዩ እንጀምራለን። በሁለቱ በተዘጉ በሮች መካከል ስንት ቀን በእግር እንደ ተሄደ፣ ሲላስና ጢሞቴዎስ በመንገድ ላይ እርስ በርሳቸው ምን እንደ ተባባሉ አናስብም። መቼም «ጳውሎስ ዛሬ ደግሞ ወዴት ሊወስደን ነው?» ሳይሉ አይቀሩም።

በወላይታም ፍሬው ቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ላይ ነው፤ ከገቡ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣልያን ወረረ። እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ ወደቀች። በዚያው ዓመት ቶም ዴቨርስና ክሊፍ ሚቸል የተባሉ ሁለት ሚስዮናውያን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ተገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ በወላይታ የቀሩት ሚስዮናውያን በግድ ወጡ። ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ። በወላይትኛ የተተረጎመው የእግዚአብሔር ቃልም ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ታሪኩን የሰማ ሁሉ የሚቀጥለውን ያውቃል፤ ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 48ቱ 10,000 ያህል ሆነው አገኙአቸው። ይህን በጉባኤ ላይ ስንሰማ እናጨበጭባለን። ነገር ግን በዚያ ሚያዝያ ቀን እየወጡ ወደ ኋላ ያዩ ሰዎች ይህን ቁጥር አያውቁም። የሚያውቁት ዘጠኝ ዓመት ደክመው 48 ሰው በወራሪ እጅ ትተው መሄዳቸውን ነው። 48ቱም አያውቁም። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሳሰሉ መሪዎች በጣልያን ጊዜ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። የተገረፈው ሰው በግርፋቱ መካከል የ10,000 ሰው ዝማሬ አልሰማም። ያለው የሚያምነው ጌታ ብቻ ነው። ጎረቤት የሳባቸውም ስብከት ብቻ አልነበረም፤ በችግር ጊዜ እርስ በርሳቸው ሲረዳዱ፣ ከጎሳቸው ውጭ ላለውም ሲያካፍሉ ሰው አይቶ ነው የመጣው።

ስለ ዴቨርስና ስለ ሚቸልስ ምን እንበል? ለእነርሱም ተጸልዮአል። በሰላም እንዲደርሱ የጸለየላቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም። አልደረሱም። እኔ ይህን የሚያስረዳ ቀመር የለኝም፤ አለኝ የሚለኝን ሰውም አሁን አሁን እፈራዋለሁ። ዕብራውያን 11 ራሱ በእምነት የአንበሳ አፍ የዘጉትን ከዘረዘረ በኋላ፣ በዚያው እምነት በመጋዝ የተሰነጠቁትንና በሰይፍ የሞቱትን ይዘረዝራል። የእምነታቸው መጠን እንደሚለያይ አንድ ቃል አይናገርም።

አብርሃምም እንዲሁ ነው። መድረሻው ሳይነገረው ከአገሩ ወጣ፤ ምድሪቱ በሙሉ የአንተ ናት ተባለ። ዘፍጥረት 23ን ብናነብ ግን በገንዘቡ ገዝቶ በእጁ ያስገባት መሬት ሣራን የቀበረባት ዋሻና እርሻዋ ናት። ከተስፋው ምድር በውል የተረከበው መቃብር ነው። በጥያ ድንጋዮች መካከል ተቀምጦ ይህን ማሰብ ይከብዳል። እነዚያ ድንጋዮችም መቃብር ናቸው፤ የአብርሃምም መቃብር ነው። ልዩነቱ አብርሃም ዋሻውን ሲገዛ አንድ ቃል የሰጠውን አምላክ ይዞ መግዛቱ ነው። ቃሉ ግን ያን ቀን አልተፈጸመም፤ በሚቀጥለው ቀንም አልተፈጸመም።

እንግዲህ እኔ የተሳሳትኩት የት ላይ እንደሆነ እዚያ ነው የገባኝ። የለመንኩት ስህተት አልነበረም፤ ሥራ መለመን ኃጢአት አይደለም። ስህተቱ ጅማን ከእግዚአብሔር ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ጅማ ካልደረስኩ እርሱ የለም ማለት ነው ብዬ፣ ሳላስበው፣ በልቤ ፈርሜ ነበር። ያ ወንድምም በመልካም ልብ በፊርማዬ ላይ ማኅተም መታበት።

ረዳቱ ከሩቅ ሲያፏጭ ተነሥቼ ሄድኩ።

እናቴ ከቡታጅራ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ማታውኑ ነገርኳት። ዝም አለች። ደብዳቤውን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ማንበብ አትችልም፤ መልሳ ሰጠችኝ። «ልጆቹ ይማራሉ?» አለች። «እስካሁን ይማራሉ» አልኳት። «ባለቤትህ ታውቃለች?» ታውቃለች አልኳት። ከዚያ ቆጮውን አቀረበች።

ጠዋት ከጓሮ ጠራችኝ። የእንሰት ችግኝ እየነቀለች ወደ ሌላ መደብ እያዛወረች ነው። እንሰት ለማያውቅ ሰው ይህ ሥራ ግራ ያጋባል፤ ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ መካከልም ከቦታ ቦታ ደጋግሞ ይዛወራል። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ጉልበቷንም ያማታል።

«እማዬ፣ ይሄንን ማን ሊበላው ነው?» አልኳት፤ እንደ ቀልድ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች ቀና ሳትል። «ያንን ያዝልኝ፤ ሥሩ እንዳይሰበር።»

ያዝኩላት። እስከ እኩለ ቀን አብረን ተከልን። ከምሳ በፊት ጸለየች፤ አጭር ጸሎት ነው፤ ስሜን ጠራች፣ የልጆቼን ስም ጠራች፣ ሥራ የሚለውን ቃል አላነሳችም። ረስታ ይሁን ሆን ብላ አልጠየቅኳትም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ።

ይህን ስጽፍ ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ አለ፤ የቤት ኪራይ አንዳንድ ወር ሞልቶ፣ አንዳንድ ወር በብድር ይከፈላል። ያ «አያወጣውም» ያለኝ ወንድም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያየኝ በሌላ በር ይወጣ ነበር። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደርሼበት ቤቴ ቡና ጋበዝኩት። ብዙ ሳይናገር ቆየና «አሁን ምን ብዬ ልጸልይልህ?» አለኝ። እኔም እንደማላውቅ ነገርኩት። ባለቤቴ ሁለተኛውን ቀዳች። እስከ በረካው ድረስ ተቀመጠ።