ላም አለኝ በሰማይ፦ ያላለቀ ጌም የመሸጥ አጭር ታሪክ

ልብስ ሰፊ ቀብድ ሲቀበል እናውቃለን። ግማሹን ዛሬ እንከፍላለን፤ ቀሪውን ሱሪው አልቆ፣ ለክተነው፣ ልካችን ሆኖ ስናገኘው እንሰጣለን። ሰፊው ሥራውን የሚጨርሰው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀሪው ገንዘብ ያለው እኛ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ነው። እስቲ አሁን አንድ ሰፊ ሙሉ ሒሳቡን ተቀብሎን፣ አንድ እግር ብቻ ያለው ሱሪ አስረክቦ፣ «ሌላኛው እግር እየተሰፋ ነው፤ እስከዚያው ይልበሱት፣ አስተያየትዎንም ይስጡን» ቢለን ምን እንለዋለን?

የጌም ገበያ ይህን ማለት ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው። የሚገርመው መባሉ አይደለም። የሚገርመው ሚሊዮኖች «እሺ» ብለው መክፈላቸው ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ተናድደዋል። እኛ ደግሞ ንዴቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ብለን ማየት መረጥን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪሳራው የሻጩ የነበረበት ዘመን

ጌም በካርትሪጅ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ስህተት ወጣ ነው። ማረሚያ መላኪያ መንገድ የለም። አታሪ በ1982 «ኢ.ቲ.» የተባለውን ጌም ለገና ገበያ ለማድረስ ሲል በ5 ሳምንት ገደማ አሠራው። ሕዝቡ ጠላው። ኩባንያው በ1983 ከተከመረበት ካርትሪጅ ከፊሉን ወስዶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ቀበረው፤ በ2014 ቦታው ሲቆፈር ካርትሪጆቹ ከነስማቸው ተገኙ። የገዛውም ሰው ተናዷል፣ ልክ ነው። ይሁን እንጂ አፈር የለበሰው የሻጩ ገንዘብ ነበር።

ከዚያ ትንንሾቹ መጡ። በ1993 አይዲ ሶፍትዌር «ዱም»ን ሲያወጣ የመጀመሪያውን ክፍል በነጻ ሰጠ፤ የወደደ ሰው ከፍሎ የቀሩትን ይወስዳል። ቅመሱ፣ ከዚያ ክፈሉ ማለት ነው። የሚከፈልበት ዕቃ ደግሞ ያለቀ ነበር።

በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደግን ልጆችም ጌምን የምናውቀው በዚሁ ሕግ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ያው ነው። ከተጫወትን እንከፍላለን፣ ዲስኩ ከተንጫረረ ባለቤቱ ይቀይራል። «የቀረው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል» ያለን ባለቤት አልነበረም።

ማይንክራፍት፦ ስምምነቱ ሲያምር

ሕጉን በመልካም የቀየረው አንድ ስዊድናዊ ነው። ማርከስ ፐርሰን በ2009 ያላለቀውን «ማይንክራፍት» መሸጥ ጀመረ። ዋጋው 9.95 ዩሮ ነበር፤ በኋላ ወደ 14.95 አደገ፤ ኖቬምበር 2011 ሲያልቅ 19.95 ገባ። ቀድሞ የገዛ ሰው በግማሽ ዋጋ ወሰደ፣ የሚመጣውንም ማሻሻያ በነጻ አገኘ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የኋላው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚለካው በዚህ ነውና። ስምምነቱ ሦስት እግር ነበረው። አንደኛ፣ ያላለቀ ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ የተገዛው ነገር የዛኑ ዕለት ያጫውታል። ሦስተኛ፣ ሠሪው ሥራውን በየጊዜው እያሳየ ይቀጥላል። ጌሙ ገና ሳያልቅ፣ በ2011 መጀመሪያ፣ 1 ሚሊዮን ሰው ገዝቶት ነበር። ሞጃንግ የተባለው ስቱዲዮ በ2014 ለማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ይህን ያየ ትንሽ ስቱዲዮ ሁሉ ምን እንዳሰበ መገመት አያቅትም።

ሦስቱ እግሮች ሲሰበሩ

በ2012 ደብል ፋይን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ስቱዲዮ በኪክስታርተር 400,000 ዶላር ጠይቆ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ያም ሆኖ ገንዘቡ አልበቃም። «ብሮክን ኤጅ» ተብሎ የወጣው ጌም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በ2014፣ ግማሹ በ2015 ደረሰ። በማርች 2013 ደግሞ ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር ስቲም «ኧርሊ አክሰስ» የሚባል መደርደሪያ ከፈተ። በ12 ጌም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያላለቀ ጌም መሸጥ ነውር መሆኑ ቀርቶ አንድ የንግድ ዘርፍ ሆነ።

የዚያኑ ዓመት ዲሴምበር «ዴይዚ» መደርደሪያው ላይ ወጣ። የመሸጫ ገጹ ራሱ ጌሙን ለማሠራት መደገፍ ካልፈለጋችሁ አትግዙ ብሎ በትልልቅ ፊደል ያስጠነቅቅ ነበር። በአንድ ወር ገደማ 1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። «አለቀ» የተባለው በዲሴምበር 2018፣ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በ15 ዓመቱ የገዛው ልጅ ሲያልቅ 20 ሞልቶታል።

ዴይዚስ ቢዘገይም አለቀ። የከፋውን ያሳየን «ስፔስቤዝ ዲኤፍ-ናይን» ነው። ይኸው ደብል ፋይን ጌሙን በኦክቶበር 2013 ሳያልቅ ሸጠ፤ ሊጨምራቸው ያሰባቸውንም ነገሮች በረጅሙ ዘረዘረ። በሴፕቴምበር 2014 ግን ሽያጩ የሥራውን ወጪ አልሸፍን ስላለ እናቆማለን አለ። በቀጣዩ ወር፣ ከዝርዝሩ ብዙው ሳይነካ፣ «1.0» የሚል ቁጥር ተለጥፎበት አለቀ ተባለ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሰፊው ሱሪውን የሚጨርሰው ቀሪው ሒሳብ ስለሚጠብቀው ነው ብለናል። ኧርሊ አክሰስ ላይ ቀሪ ሒሳብ የለም። የትናንቱ ገዢ ሙሉውን ከፍሏል። ሥራውን የሚያስቀጥለው የነገ ገዢ ብቻ ነው። የነገ ገዢ ደግሞ የሚመጣው በአዲስ ተስፋ ነው። ስለዚህ ሐቀኛው ስቱዲዮ እንኳ ሳይወድ በግድ ተስፋ ሻጭ ይሆናል፤ ገዢ የቀነሰ ዕለትም ሥራው ይቆማል። ገዢው ሳያውቀው አበዳሪ ሆኗል። ሆኖም አበዳሪ ወለድ አለው፣ ማስያዣ አለው፣ ክስ አለው። ይሄኛው ምንም የለው።

ስመ ጥሩው ፒተር ሞሊኒው በኪክስታርተር ከ526,000 ፓውንድ በላይ የሰበሰበበት «ጎደስ»ም በ2013 ኧርሊ አክሰስ ገብቶ ሳያልቅ ኖረ። በ2023 ከስቲም ሽያጭ ወጣ። አሥር ዓመት ሙሉ «በቅርብ ቀን»።

ይቅርታና ዋጋው

ይህን ስንል «ኖ ማንስ ስካይስ?» የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ልክ ነው። የእንግሊዙ ሄሎ ጌምስ፣ ጥቂት ሰዎች ያሉት ስቱዲዮ፣ በኦገስት 2016 ጌሙን በ60 ዶላር ያለቀ ብሎ ሸጠ። በወጣበት ዕለት ሁለት ተጫዋቾች አንዱ ፕላኔት ላይ አንዱ ቦታ ተቀጣጥረው ቆሙ፤ አንዱ ሌላውን ማየት አልቻለም። ቁጣው ለብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አቤቱታ እስከማቅረብ ደረሰ፤ ተቆጣጣሪው በኖቬምበር 2016 ማስታወቂያው አሳሳች አይደለም ብሎ ዘጋው። ስቱዲዮው አፉን ዘግቶ ሠራ። በየዓመቱ በነጻ ጨመረ፣ በ2018 ተጫዋቾቹን በትክክል አገናኘ፤ በ2024 የስቲም ገዢዎች አጠቃላይ አስተያየት «በጣም ጥሩ» ላይ ደረሰ።

ታሪኩ ያምራል፤ እኛም ባርኔጣችንን እናነሳለን። የምንፈራው ግን ሌላ ነው። ሄሎ ጌምስ ሥራውን መቀጠል የቻለው በመጀመሪያው ሽያጭ ብዙ ስላገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ ያላለቀ ጌም ያወጣ ሁሉ ይህን ስም እየጠራ «ታገሱን» ይላል። የአንዱ ንስሐ የሌላው ማመካኛ ሆነ።

«ዘ ዴይ ቢፎር»ን እንይ። በስቲም በጉጉት ከሚጠበቁት ጌሞች ቀዳሚ ሆኖ የቆየ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 2023 በ40 ዶላር፣ በኧርሊ አክሰስ ወጣ። በ4ኛው ቀን ፋንታስቲክ የተባለው ስቱዲዮ ተዘጋሁ አለ። በጃንዋሪ 2024 ሰርቨሮቹ ጠፉ። የገዛው ሰው ገንዘቡ ተመልሶለታል፤ ይህ ግን በችሮታ የመጣ አይደለም።

ንዴት ያመጣው ፍሬ

ለዓመታት ስቲም ገንዘብ የመመለስ ልማድ አልነበረውም። በ2014 የአውስትራሊያ የሸማቾች ኮሚሽን የመደብሩን ባለቤት ቫልቭን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2016 በ3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ክሱ በሒደት ላይ ሳለ፣ በጁን 2015፣ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ለተጠየቀና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ መመለስ ጀመረ። በ2025 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማሻሻያ ያልመጣላቸው የኧርሊ አክሰስ ጌሞች ገጽ ላይ ይህንኑ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጠፈ። እነዚህን ያመጣቸው አቤት ያለ ገዢ ነው። «ለ20 ዶላር ይህን ያህል መነጫነጭ?» ለሚሉ ሰዎች መልሳችን ይኸው ነው።

ይሁንና 2 ሰዓት ያለቀ ዕቃ መፈተኛ ነው። ያላለቀ ጌም የሚከዳው በ2ኛው ሰዓት ሳይሆን በ2ኛው ዓመት ነው፤ ያኔ 14ቱ ቀን የት አለ?

ትንንሾቹን ስቱዲዮዎች ጠልተን አይደለም። ሱፐርጃያንት በዲሴምበር 2018 ያላለቀውን «ሄይዲስ» ሸጠ፣ በየጊዜው አሻሻለ፣ በሴፕቴምበር 2020 ጨረሰ። የገዙት ሰዎች አልተበሳጩም፤ ገና ከመጀመሪያው የሚጫወቱት ነገር ነበራቸው። መንገዱ ራሱ ክፉ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ተለምኖም ይሁን በራስ ጥሪት ጌም ሊገዛ ሲታሰብ ጥያቄው አንድ ነው። ነገ ስቱዲዮው ቢዘጋ፣ ዛሬ ያለው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል? ካወጣ ይገዛ። ካላወጣ ግን የሚሸጠው ያቺው የሰማይዋ ላም ናት፤ ወተቷን ለማየት ደግሞ ሙሉ ሒሳብ አይከፈልም።