ጆርጅ ማይክል፦ በፈቃዱ የሰጠ፣ በውል አልታሰርም ያለ

የብሪታንያ ፖፕ መረዋ ድምፅ አጥቶ አያውቅም። ግጥሙን ጽፎ፣ ዜማውን ደርሶ፣ ቅንብሩንም ራሱ ሠርቶ ሲያበቃ የድካሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ቆሞ የጠየቀ ዘፋኝ ግን ጥቂት ነው። ጆርጅ ማይክል ከእነዚህ አንዱ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1963 ለንደን ውስጥ ሲወለድ የወጣለት ስም ዮርጎስ ኪርያኮስ ፓናዮቱ ነው። አባቱ ከቆጵሮስ መጥቶ በምግብ ቤት ሥራ የተቋቋመ ግሪካዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ዳንሰኛ ነበረች። በ1981 ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከአንድሩ ሪጅሊ ጋር «ዋም!»ን መሠረተ። የመጀመሪያው ውላቸው ዘፈናቸው በየራዲዮው እየተሰማ ኪሳቸውን ባዶ ያስቀረ ነበር፤ ተካሰው ነው የወጡበት።

በራሱ ሥራ ላይ ሌላ እንዲወስንበት አለመፈለጉ ያኔም ይታይ ነበር። በ17 ዓመቱ የጀመረውን «ኬርለስ ዊስፐር» አላባማ ድረስ ሄዶ በታዋቂው ፕሮዲውሰር በጄሪ ዌክስለር አስቀረጸው፤ አልጣመውም። ለንደን ተመልሶ እንደገና ራሱ ሠራው፤ በ1984 ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ የወጣው ይኸኛው ቅጂ ነው።

በዚያው ዓመት እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ የምንለው እልቂት በቢቢሲ ታየ። ከኮረም የተላለፈው ዘገባ ያስደነገጣቸው ድምፃውያን ኅዳር ላይ ምዕራብ ለንደን በሚገኝ ስቱዲዮ ተሰብስበው «ባንድ ኤድ» በሚል ስም ዘፈኑ፤ ጆርጅም አብሯቸው ነበር። እሱ በበጋው መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተጫውቶ የቀረጸው «ላስት ክሪስማስ» ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ አንደኝነቱን የባንድ ኤድ ዘፈን ወሰደበት። ሁለተኛ የሆነው ራሱ በዘፈነበት ሥራ ተበልጦ ነው። «ዋም!» የ«ላስት ክሪስማስ»ን ገቢ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ሰጠ።

ጆርጅና አንድሩ በ1986 ዌምብሌይ ላይ በ72 ሺህ ተመልካች ፊት ተሰነባበቱ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ፌይዝ» ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ በ1989 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። ዝናው ሲበዛበት ጆርጅ በፊቱ መነገዱን ተወ፤ በ1990 ለ«ፍሪደም» ክሊፕ ካሜራ ፊት አልቆምም አለ። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ፊንቸር በእሱ ፋንታ ሞዴሎችን ቀረጸ።

«ፍሪደም» ያለበት አዲሱ አልበም እንደ «ፌይዝ» አልተሸጠም። አሳታሚ ኩባንያው ሶኒ በቂ ማስታወቂያ አልሠራልኝም ያለው ጆርጅ በ1992 ከሰሰው፤ ውሉ ለረጅም ዓመታት አስሮ የመሥራት ነጻነቴን ነፍጎኛል ሲል ተከራከረ። በሰኔ 1994 ዳኛ ጆናታን ፓርከር ለሶኒ ፈረዱ። በጠበቃ ምክር ተደራድሮ ያሻሻለው ውል መሆኑ በራሱ ላይ ተቆጠረበት። በሁለት አልበሞቹ መካከል ስድስት ዓመት አለፈ፤ ያ ለአንድ ፖፕ ዘፋኝ የጉልበት ዘመን ነው።

በፈቃዱ ሲሰጥ ግን እጁ አይያዝም ነበር። «ጂሰስ ቱ ኤ ቻይልድ» ያስገኘው ገቢ ለሕፃናት የስልክ እርዳታ ድርጅት መሄዱ የተሰማው ከሞተ በኋላ ነው። በ2006 ለነርሶች በነጻ ዘፈነላቸው፤ እናቱን ላስታመሙ ውለታ መክፈሉ ነበር። በ1998 አሜሪካ ውስጥ መታሰሩ ገመናውን አደባባይ ሲያወጣውም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ራሱ ተናገረ፤ ታሪኩንም በ«አውትሳይድ» ዘፈኑ ቀለደበት።

በገና ዕለት 2016፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። «ላስት ክሪስማስ» በወጣ በ36 ዓመቱ፣ በጥር 2021፣ አንደኛ ወጣ። ሙግቱ ግን በዘፈኑ ድል አይታለፍም። በ1995 ከሶኒ ያላቀቀው ሕግ ሳይሆን ሌሎች ኩባንያዎች የከፈሉለት ገንዘብ ነው። ስሙ ገና ያልገነነ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ከፋይ ከየት ያመጣል?