የሸክም ገመድ

አዲስ አበባ ውስጥ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ወደ ሰፈራችን የሚጣራው ታክሲ ዳገቱን ጨርሶ ሲያራግፋችሁ መሀል መንገድ ላይ አትቁሙ። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ የሚወርዱ ሴቶች ያልፋሉና ጥግ ያዙላቸው።

አንዷ የግቢያችን ተከራይ ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ቡና ላይ ወንዶቹ ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፦ «በእኛ ጊዜ ሞዴስ የት አለና! የነጠላ ቁራጭ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ሸክም ይዘሽ ቁልቁል ስትወርጂ እርጥቡ ጨርቅ ጭንሽን ይልጥሻል። ማን ቆሞ ይጠብቅሻል?»

ዛሬማ ሱቁ ሁሉ ሞዴስ አለው። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣል። ዳቦ እንዲህ ተደብቆ ሲሸጥ አይታችኋል? የሁለቱ ገንዘብ ግን ከአንድ መቀነት ነው የሚፈታው፤ ሲጠብም ዳቦው ይቀድማል። ልጅቷ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ትቀመጣለች፤ ወይም ጭራሽ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱን ሰምታችኋል መቼም። አሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምረው፣ እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ ሠርተው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 መቀሌ ላይ ፋብሪካ አቋቋሙ። ስሙንም በልጃቸው «ማርያም ሳባ» አሉት። በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው። ሞዴሱ በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

የእማማ የልጅ ልጅም እንዲሁ የሚታጠብ ሞዴስ ከትምህርት ቤት አገኘች። ደስ አላት። ግን «በደንብ ከተያዘ» የምትለዋ ቃል እኛ ግቢ ስትገባ ጉድ ፈላ። ውሃው በፈረቃ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ለስድስት አባወራ አንድ። የልብስ ገመዱ ደግሞ መሀል ግቢ ተወጥሮ የወጣ የገባው ያየዋል። ልጅቷ አጥባ አልጋ ሥር ደበቀችው። ሦስት ቀን ሙሉ አልደረቀም፤ ሸተተ።

እማማ ደርሰውበት አልተቆጡም። ቅዳሜ ከሰዓት ጭራሮ የሚያስሩበትን ገመድ አንስተው ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ ወጠሩት። እንደገና አሳጥበው ራሳቸው አሰጡት። ወደዚያ ብቅ ያለውን ጎረምሳ «ምን ታያለህ? ልብስ ነው!» ብለው አባረሩት።

እሑድን ዋለ፤ ደረቀ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ግን ገመዱን ፈትተው፣ ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ወደ እንጦጦ ወጡ።