ከሮቦት ክንዱ በፊት ማረሻው ነበር

ለኢተያ ወርክሾፓችን አነስተኛ የሮቦት ክንድ እንግዛ በሚል ወጣቶቹ ይከራከራሉ፤ ስንት ኪሎ ያነሳል፣ እስከ የት ይዘረጋል ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ አገራችን ማሽን ስትመርጥ ያየችው ነው።

የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ የጋለ ብረት ማንሳት ጀመረ። ከ6 ዓመት በኋላ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከማዳረሱ ሌላ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻም ሞክሮ ነበር፤ ገበሬው ግን ብዙም አልተቀበለውም። አልፈርድበትም። የእኛው ማረሻ ቀላል ነው፤ ገበሬው ከነሞፈሩ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። ድግሩ ቢሰበር እዚያው ጠርቦ ይተካዋል፤ ብረቱ ቢዶለዱም ቀጥቃጩ ያሾለዋል።

ትራክተርና ኮምባይነር ግን ገቡ። የአካባቢያችን የሄጦሳ ሜዳ ይመቻቸዋል። የመረጧቸው ባለመሬቶች ነበሩ፤ ብዙ ጭሰኞች ከያዙት መሬት ተፈናቀሉ። ይህ ሁሉ የሆነው የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመታወጁ በፊት ነው። ዛሬ ስንዴ ሲደርስ አነስተኛ ገበሬም ኮምባይነር ተከራይቶ ያሳጭዳል።

ስለዚህ ሻጩ ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው ሞተሩና ማርሹ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠግነው ነው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሬ፣ ብየዳውን ክንዱ ሲይዝ ብየዳ ላይ ያሉት ምን እንደሚሠሩ ከግዢው በፊት በጽሑፍ እንዲያስቀምጡልኝ እጠይቃለሁ።